በባቡር መጥታ በባቡር የሄደች ከተማ

ከተማ የሚለው ቃል በቋንቋችን ዛሬ የያዘውን ትርጕም ከመያዙ በፊት ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ ድንኳኑን ያስተከለበት፥ ሠራዊቱም በቀኝና በግራ፥ በፊትና በኋላ እንደ ማዕርጉ የሰፈረበት ቦታ ከተማ ይባል ነበር፤ ንጉሡ ሲነሣም ከተማው አብሮ ይነሣ ነበር። ስለዚህ ከተማ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል ቢሉት የጥንቱ የአገራችን ሰው አይደነቅም። ቤቱ በድንጋይ የተሠራ፥ መንገዱ በገመድ የተለካ፥ ገበያውና አደባባዩ የጸና ካልሆነ በቀር ከተማ ብሎ ለማይጠራ ለዛሬ ሰው ግን ነገሩ ተረት ይመስለዋል። እኛ የምንጽፈው ተረት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በታላቁ የሣር ሜዳ ላይ፥ በ1867 ዓመት በሰኔ ወር ቆማ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ስለ ተነሣች ስለ ጁልስበርግ ከተማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን፥ የአገራችንን አቈጣጠር ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ፕሬሪ የሚባለው የሣር ሜዳ ከሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራብ ተነሥቶ ወደ ሮኪ ተራሮች ይዘረጋል። ወደ ምዕራብ በተሄደ መጠን ዝናሙ እያነሰ፥ ሣሩም እያጠረ ይሄዳል። በወንዝ ዳር ካልሆነ በቀር ዛፍ አይታይበትም፤ ነፋሱ ግን ቀንና ሌሊት አያርፍም። በዚህም አገር ደቡብ ፕላት የሚሉት፥ ስፋቱ ብዙ ጥልቀቱ ግን ጥቂት የሆነ አሸዋማ ወንዝ ይፈሳል። ሻየን፥ አራፓሆና ላኮታ የሚባሉት ነገዶች የዱር ጎሽ እያደኑ፥ ድንኳናቸውንም ከጎሹ መንጋ ጋራ እያዛወሩ በዚህ ሜዳ ይኖሩ ነበር። ከ1849 ዓመት ጀምሮ ግን በካሊፎርንያ፥ በኋላም በኮሎራዶ ወርቅ ተገኘ ስለ ተባለ፥ ነጮች በበሬና በበቅሎ በሚጐተት ሠረገላ ወንዙን እየተከተሉ በብዛት ያልፉ ጀመር። ጎሹም ሸሸ፤ የወንዙ ዳር ሣርና እንጨትም አለቀ።

ጁልስ ቤኒ የሚባል ከፈረንሳዮች ወገን የሆነ አንድ ነጋዴ መንገደኞቹ ወንዙን በሚሻገሩበት መልካ አጠገብ በ1850ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የንግድ ቤት ሠራ። ቦታውም በእርሱ ስም ጁልስበርግ ተባለ፤ በርግ ማለት አምባ እንደ ማለት ነውና የጁልስ አምባ ብንለው ይስማማል። የመንገደኛ ሠረገላ የሚያስኬደው ማኅበር ጁልስን የጣቢያው ሹም አድርጎት ነበር፤ በኋላ ግን እምነት ስላጣበት ጃክ ስሌድ የሚባል ጨካኝ ሰው እንዲሽረው ላከበት። ተጣሉ፤ ጁልስ ስሌድን በጥይት መትቶ ጣለው፤ ስሌድ ግን ከቍስሉ ድኖ በ1861 ዓመት ጁልስን ገደለው። በዚህ ዓይነት ከተማዋ የመሥራችዋን ስም ይዛ መሥራችዋን አጣች። በ1860 እና በ1861 ዓመት ፈረስ እየቀያየረ ደብዳቤ የሚያደርሰው ፈጣን ፖስታ በዚያ ያልፍ ነበር፤ ማርክ ትዌይን የሚባለውም የታወቀ ደራሲ በ1861 ዓመት በሠረገላ ሲሄድ አይቷታል። መጀመሪያይቱ ጁልስበርግ ይህች ናት።

የዚህች የመጀመሪያይቱ ከተማ ፍጻሜ ግን ከሩቅ ከተፈሰሰ ደም የመጣ ነው። በ1864 ዓመት በኅዳር 29 ቀን ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን ሠራዊት ይዞ በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ ሳንድ ክሪክ በሚባል ወንዝ ዳር ሰፍረው በነበሩት ሻየኖችና አራፓሆዎች ላይ በማለዳ ደረሰባቸው። አለቃቸው ብላክ ኬትል ከመንግሥቱ ጋራ ዕርቅ የሚፈልግ ሰው ነበር፤ በድንኳኑም ላይ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማና ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። ይህ አላዳናቸውም። የሞቱት ከ150 እስከ 230 የሚደርሱ ሲሆኑ የሚበዙት ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሎች ነበሩ። ቺቪንግተን ወታደር ከመሆኑ በፊት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ እንደ ነበረ ስናስታውስ ነገሩ ይልቁን ያሳዝናል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1865 ዓመት ነገሩን መርምሮ አወገዘው፤ ነገር ግን ስለዚህ ደም የተቀጣ ሰው የለም።

የሞቱት ሰዎች ወገኖች ግን ፍርድን ከምክር ቤት አልጠበቁም። ሻየኖች፥ አራፓሆዎችና ላኮታዎች ተባብረው በ1865 ዓመት በጥር 7 ቀን በጁልስበርግ ላይ ወረዱ፤ ግምጃ ቤቱንም ዘረፉ። በየካቲት 2 ቀን ተመልሰው መጥተው ከተማዋን አቃጠሏት። ነዋሪዎቹ በአጠገቡ ባለው የጦር ሰፈር ተጠግተው እሳቱን ከሩቅ ይመለከቱ ነበር። ይህ የጦር ሰፈር በኋላ ፎርት ሴጅዊክ ተባለ። ከዚህም በኋላ ሠራዊቱ በዙሪያው ያለውን ምድር ለራሱ ስለ ከለለ ነጋዴዎቹ ከክልሉ ውጭ ወደ ምሥራቅ ሄደው ሁለተኛይቱን ጁልስበርግ ሠሩ። እርሷም መንገደኛ ከማሳደር በቀር ሌላ ታሪክ ሳይኖራት ሁለት ዓመት ያህል ቆየች።

ሦስተኛይቱን ግን የሠራት የምድር ባቡር ነው። በ1862 ዓመት በሐምሌ 1 ቀን ፕሬዚደንት አብርሃም ሊንከን ከሚዙሪ ወንዝ ወደ ፓሲፊክ ባሕር የሚያደርስ የምድር ባቡር እንዲሠራ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ከምሥራቅ በኩል የሚሠራው ዩኒየን ፓሲፊክ የሚባለው ማኅበር ሆነ። መንግሥትም ለማኅበሩ በሜዳ ላይ ስለሚሠራው ስለ እያንዳንዱ ማይል 16,000 ዶላር፥ በተራራ ላይ ስለሚሠራው 48,000 ዶላር ሊያበድረው ተስማማ። በ1864 ዓመት በተሻሻለው ሕግ ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ማይል በሐዲዱ ግራና ቀኝ 12,800 ኤከር መሬት ተሰጠው፤ ይህም በእኛ አለካክ ወደ 130 ጋሻ ይሆናል። በዚሁ መሬት ላይ ነባሮቹ ነገዶች ያላቸውን መብት መንግሥት በተቻለ ፍጥነት እንዲያጠፋ አስቀድሞ በ1862ቱ ሕግ ተጽፏል። እንግዲህ የጁልስበርግን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ቃል ልብ ይበል፤ ከተማዋ ገና ሳትታሰብ የምትቆምበት ምድር በወረቀት ተወስዶ ነበርና።

ለማኅበሩ ማይል ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ሥራው በጥድፊያ ይሠራ ነበር። ሐዲዱን የሚያስነጥፉት ጃክና ዳን ኬዝመንት የሚባሉ ወንድማማቾች ሲሆኑ ሠራተኞቻቸው የሚበዙት ከአየርላንድ የተሰደዱ ድሆችና የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያልቅ የተሰናበቱ ወታደሮች ነበሩ። ለአንድ ማይል መንገድ 400 ያህል የብረት ሐዲድ፥ ሐዲዱም የሚያርፍበት ከ2,000 በላይ አግዳሚ እንጨት ያስፈልግ ነበር። የአንድ ማይል ዕቃና ስንቅ ለማምጣት 40 ፉርጎ እንደሚፈጅ ዋናው መሐንዲስ ጄኔራል ግሬንቪል ዶጅ ጽፏል። ዛፍ በሌለበት አገር እንጨቱም፥ ብረቱም፥ ዱቄቱም ሁሉ ከኋላ በዚያው በተነጠፈው ሐዲድ ላይ ይመጣ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ሐዲዱ ያለቀበት ቦታ ሁሉ በግድ ከተማ ይሆን ነበር። ባቡሩ ከዚያ በላይ አይሄድምና ጭነቱ ሁሉ በዚያ ይራገፋል፤ ወደ ዴንቨር፥ ወደ ሶልት ሌክና ወደ ጦር ሰፈሮቹ የሚሄደው ዕቃ በዚያ በሠረገላ ይጫናል። ስለዚህ ጫኝና አራጋፊ፥ ነጋዴና መጋዘን ጠባቂ፥ በቅሎ ነጂና አንጥረኛ በዚያ ይሰበሰባል። ደመወዙን የተቀበለ ብቸኛ ወንድ ባለበት ደግሞ መጠጥ ሻጩ፥ ቁማርተኛውና አመንዝራይቱ አይጠፉም። በ1866 ዓመት መጨረሻ ክረምቱ ሲገባ የሐዲዱ መጨረሻ ኖርዝ ፕላት በምትባለው ከተማ ነበር። በ1867 ዓመት በሰኔ ወር ሐዲዱ ከኦማሃ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በደቡብ ፕላት ሰሜናዊ ዳር፥ ከፎርት ሴጅዊክ ማዶ ደረሰ። የሁለተኛይቱም ጁልስበርግ ሰዎች ስማቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ።

ማኅበሩ መሬቱን በገመድ እየለካ ሸጠ። ቤቱ ሸራ ነው፤ ከሸራው የሚሻለውም በምሥራቅ አገር ተሰንጥቆ የመጣ፥ ሲያስፈልግ ተፈትቶ የሚጫን ሳንቃ ነው። በሰኔ ወር ጥቂት ሰው ብቻ የነበረባት ከተማ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 4,000 ሰው ሰበሰበች ይባላል። የዘመኑ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰፈር በመንኰራኵር የሚሄድ ሲኦል ብለው ሰየሙት።

በዚያው በነሐሴ ወር አንድ ወጣት የጋዜጣ ጸሐፊ ከተማዋን ለማየት መጣ። ይህ ሰው ሚዙሪ ዴሞክራት ለሚባለው ጋዜጣ የሚጽፈው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነው። በዌልስ አገር ተወልዶ፥ አባቱን ሳያውቅ በድሆች መጠለያ ያደገ ሰው ነበርና የድህነትንና የገንዘብን ፊት ለይቶ ያውቅ ነበር። በእንግዳ ማረፊያው ገበታ የተቀመጡትን፥ ልብሳቸው ያማረና የወርቅ የሰዓት ሰንሰለት ያንጠለጠሉትን ሰዎች አይቶ ታላላቅ ባለጠጎች መሰሉት፤ ሲጠይቅ ግን የባቡር ጸሐፊዎች፥ ቲኬት ሻጮችና የባቡር ነጂዎች ሆነው አገኛቸው። በማታ የኮረብቶች ንጉሥ ተብሎ ወደሚጠራ የዘፈን ቤት ገብቶ በብርሃን የተንቈጠቈጠውን አዳራሽ ተመለከተ። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ያገኘው ዛሬ ለመጨረስ እንጂ ለነገ እንዳልሆነ ከጽሑፉ ይታወቃል። በዚያች ከተማ ነገ የሚባል ቀን አልነበረምና።

ስለዚህ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቁማርተኞቹ ማኅበሩ ለሱቅ የለካውን ቦታ ያለ ዋጋ ያዙ፤ ክፈሉ ሲባሉም እንቢ አሉ። ጄኔራል ዶጅ ሥርዓት እንዲያስይዝ ጃክ ኬዝመንትን አዘዘው። ኬዝመንትም ሠራተኞቹን አስታጥቆ ሄደ። ከጊዜ በኋላ ዶጅ መጥቶ ከተማይቱ ጸጥ ማለቷን ቢጠይቅ፥ ኬዝመንት ወደ አንድ ኮረብታ ወስዶ መቃብራቸውን አሳየው ይላል። ይህን የተረከው ራሱ ዶጅ ነው፤ የተረከውም ነገሩ ሆነ ከተባለ ከብዙ ዓመት በኋላ በእርጅናው ነው። በዘመኑ የተጻፈ በቂ ምስክር ስለሌለው የሚጠራጠሩት የታሪክ ሊቃውንት አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ጋራ ብንጠራጠር ይሻላል። ነገር ግን እውነት ባይሆንም እንኳ ይህ ወሬ አንድ ነገር ያስተምራል። ዳኛ ያልተሾመባትን፥ ሽማግሌም የሌላትን ከተማ ሥርዓት ለማስያዝ የባቡሩ አዛዥ ያሰበው መድኃኒት ጠመንጃ መሆኑን ያለ ኀፍረት ይተረክ ነበርና።

ሐዲዱ አልቆመም። ሲድኒ የሚባለውን ቦታ አልፎ በ1867 ዓመት በኅዳር 13 ቀን ከጁልስበርግ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተመሠረተችው በአዲሲቱ ከተማ ደረሰ። ጭነቱ የሚራገፈው አሁን በዚያ ሆነ፤ ስለዚህ በጁልስበርግ መቆየት የሚጠቅመው ሰው አልተገኘም። ሸራው ተጠቀለለ፤ ሳንቃው በቍጥር ተፈትቶ ተጫነ፤ ወንበሩ፥ በርሜሉና የቁማሩ ገበታ ሁሉ በፉርጎ ላይ ወጣ። የጭነቱ ባቡር ከአዲሲቱ ከተማ ሲደርስ የባቡሩ ጠባቂ ወርዶ ጁልስበርግ እነሆ መጣች ብሎ ለቆሙት ሰዎች እንደ ጮኸ ይነገራል። በቀልድ ቢናገረውም ቃሉ እውነት ነበረ። በወንዙ ዳር የቀረው የተቈፈረ መሬት፥ የተጣለ ቆርቆሮና የምድጃ አመድ ነው።

አዲሲቱ ከተማ ሻየን ተብላ ተሰየመች። አንባቢ ሆይ፥ ስሙን ታውቀዋለህ። ምድራቸው የተወሰደባቸው፥ በሳንድ ክሪክ የታረዱት ሰዎች ስም ነው። ሕዝቡ ከአገሩ ሲገፋ ስሙ በጣቢያው ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ዛሬ የሻየን ነገድ ልጆች ከዚያ ርቀው በሞንታናና በኦክላሆማ ግዛቶች ይኖራሉ።

አሁን ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ነው። ወደ ሻየን የሄዱት ሰዎች በጁልስበርግ የነበሩት ናቸው፤ ሸራውም ያው ሸራ፥ መጠጡም ያው መጠጥ፥ ኃጢአቱም ያው ኃጢአት ነው። ታዲያ ጁልስበርግ በአምስት ወር ስትጠፋ ሻየን እስከ ዛሬ ስለ ምን ጸናች? መልሱ በሰዎቹ ጠባይ አይገኝም። ማኅበሩ በሻየን የባቡር መጠገኛ ሠራ፤ ሐዲዱ ካለፈም በኋላ አንጥረኛውና መካኒኩ ሥራ አላጣም። መንግሥትም በአጠገቧ የጦር ሰፈር አቆመ፤ በ1869 ዓመት ደግሞ የዋዮሚንግ ግዛት መቀመጫ አደረጋት። ከብት አርቢዎችም ከብታቸውን የሚጭኑባት ገበያ ሆነች። ዳኛ፥ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተከተሉ። ሰው ሚስቱን አምጥቶ ልጁን ማሳደግ ሲጀምር ሸራው በጡብ ተለወጠ። ጁልስበርግ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አላገኘችም፤ ያላት የማለፊያ ጥቅም ብቻ ነበር፤ ማለፊያው ሲያልፍ አለፈች። በሚከተለው ዓመት በዋዮሚንግ ምድረ በዳ የተተከለችው ቤንተን የምትባለው ከተማም የምትጠጣውን ውሃ ከሩቅ እያስመጣች ሦስት ወር ያህል ቆይታ እንደዚሁ ጠፋች። ምሥራቁና ምዕራቡ ሐዲድ በ1869 ዓመት በግንቦት 10 ቀን በዩታ ግዛት ሲገናኙ የመጨረሻው የሸራ ከተማ ተጠቀለለ።

የጁልስበርግን ዘፈን ቤት ያየው ስታንሊ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ሌላ የሸራ ከተማ አየ፤ እርሷም በቀይ ባሕር ዳር የቆመች ናት። በ1868 ዓመት መጀመሪያ ለኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ሊጽፍ ከጄኔራል ናፒየር ዘመቻ ጋራ መጣ። እንግሊዞች ከጥንታዊቱ አዱሊስ አጠገብ በዙላ ወደብ ሠርተው፥ ድንኳንና መጋዘን ተክለው፥ ከሕንድ ባመጡት ሐዲድ ወደ ኩማይሌ የሚሄድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የምድር ባቡር ዘረጉ። የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረ በመርከቦቻቸው የባሕር ውሃ እያጣሩ ለሰውና ለእንስሳ ያጠጡ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር ሞቱ፤ የድሉን ወሬ ወደ አውሮጳ አስቀድሞ ያደረሰውም ይኸው ስታንሊ ነው። ሠራዊቱ ሲመለስ የዙላ ሐዲድ ተነቀለ፤ ድንኳኑም በመርከብ ተጫነ። ያ ሐዲድ የተነጠፈው ለዘመቻው እንጂ ለባሕሩ ዳር ሰው አልነበረምና፥ ባለጉዳዩ ሲሄድ አብሮ ሄደ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በሁለት አህጉር አንድ ዓይነት ነገር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ለመንገድ የተሠራ ከተማ ከመንገደኛው በላይ ዕድሜ የለውም።

የጁልስበርግ ስም ግን አልጠፋም። በ1880ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ዩኒየን ፓሲፊክ ከዋናው መንገድ ገንጥሎ ወደ ዴንቨር የሚወስድ ሐዲድ ሠራ። በመገንጠያው ላይ የተመሠረተችውም ከተማ የቀድሞውን ስም ወሰደች፤ አራተኛይቱ ጁልስበርግ ይህች ናት። በዚህ ጊዜ የመጡት ቁማርተኞች ሳይሆኑ አራሾችና ከብት አርቢዎች ነበሩ። ከተማዋ በኮሎራዶ ግዛት በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ዛሬም አለች፤ በ2020 ዓመት በተደረገው ሕዝብ ቈጠራ 1,300 ያህል ሰው ተቈጥሮባታል። ሦስተኛይቱ በአንድ የበጋ ወራት ሰበሰበችው የተባለውን ሕዝብ ሲሦ ያህል መሆኑ ነው። ነገር ግን ያ ሕዝብ አምስት ወር ሲቆይ ይህ ከ130 ዓመት በላይ ቆየ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የከተማ ልኩ የሕዝቡ ብዛት፥ የገበያውም ጩኸት አለመሆኑን ነው። ከተማን የሚያጸናው ሰው በዚያ የሚሠራው የነገ ሥራ፥ የሚዳኝበት ሕግ፥ የሚያሳድገው ልጅና የሚጠብቀው የአባቱ መቃብር ነው። እነዚህን አራቱን የሻየን ነገድ ሰዎች ቤታቸው ከጎሽ ቆዳ የተሠራ ድንኳን ሆኖ ሳለ በዚያ ሜዳ ላይ ነበሩአቸው። የሣንቃ ቤት የነበራት ሦስተኛይቱ ጁልስበርግ ግን አልነበሯትም። እንግዲህ በዚያን ጊዜ በፕሬሪው ላይ ከተሜ ሊባል የሚገባው ማን እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። የሳንድ ክሪክ ስፍራ በ2007 ዓመት ለመታሰቢያ ተከፍቶ የሟቾቹ ወገኖች እየመጡ ሙታናቸውን ያስባሉ። በሦስተኛይቱ ጁልስበርግ ስፍራ ግን የዩኒየን ፓሲፊክ የጭነት ባቡር ዛሬም ያልፋል፤ የሚያራግፈው ነገር ስለሌለ አይቆምም።